ኤሊዋና በሬው፦ የአባዬ ሁለት ሌንሶች

ዓርብ፣ ጥር 13

«የታሉ?» አለ ሙላት፣ ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ እንዴት ከረምሽ የለ። ወንድሜ ነው፤ የአንድ አባት የአንድ እናት ልጆች ነን። ከመካነ ኢየሱስ ንፋስ መውጫ ድረስ በአውቶቡስ ሲንገላታ የመጣው እኔን ናፍቆ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው እኮ ለይምሰል እንኳ ይስማል።

የታሉ ያለው ከሟቹ አባዬ የወረስናቸውን ሌንሶች ነው። ካሜራዎቹ ሁለት ስለሆኑ በእነሱ ጠብ አልነበረም፤ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ፣ ሁለቱም እኩል የተላላጡ። ሌንሶቹም ሁለት ናቸው፤ እኩል ግን አይደሉም። ሁለቱም ሃምሳ ሚሊሜትር ናቸው፤ አያቀርቡም አያርቁም፣ ሰው በዓይኑ እንደሚያየው ነው የሚያዩት። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ልዩነት ነው።

በሬው፦ ጥቁር፣ ከባድ፣ አፈ ሰፊ። በጨለማ ቤት ያለ ፍላሽ ያነሳል። ፎቶው ቢጎላ ቢጎላ ፊት አይበታተንም። ጉዳቱ አንገት መስበሩ ነው።

ኤሊዋ፦ ነጭ ብረት፣ ትንሽ፣ ቆንጆ። ፀሐይ ላይ ወደር የላትም፤ ጥላ ውስጥ ግን አትረባም። ጠባይም አላት። አንገቷን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። ከማንሳትሽ በፊት ስበሽ አውጥተሽ፣ ጠምዘዝ አድርገሽ ካልቆለፍሻት የምታነሺው ጉም ነው።

ስሞቹን ያወጣው አባዬ ነው። ከእሱና ከእኔ በቀር የሚያውቃቸው የለም።

የእኔ እንጀራ በሬው ነው። የጋይንት ሰው ልቅሶ ላይ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ ነው የሚያለቅሰው፤ ስለዚህ ሽማግሌው ሁሉ በቁሙ እየመጣ «የልቅሶዬን አንሺኝ» ይለኛል። ባለፈው አንዱ ወንበሩ ላይ ተደላድለው «ፈገግ ልበል ወይስ ከወዲሁ ሬሳ ልምሰል?» ብለው አሳቁኝ። ያ ፎቶ ጎልቶ ሰው በሩቁ ካላወቀው ዋጋ የለውም። በሬው ከሄደ ቤቱን ዘግቼ ጠላ ልጠምቅ ነው።

እሑድ ሌንሶቹን ሊያካፍለን ሽማግሌ ይቀመጣል። ሙላት በኩር ነው፤ ቀድሞ ይምረጥ እንዳይሉት ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ሙላት «በዓይኔ ልይና ልመን» ስላለ ሁለቱንም ሌንሶች በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ፊልም ሞከርኳቸው። እሱ ካጠገቤ አልተለየም፤ እንዳልለዋውጥበት ነው። የማነሳው እሱኑ ነበር፤ አጥሩ ስር አቁሜ። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፦ ቀትር። በዚያ ፀሐይ ኤሊዋም በሬውም አንድ ናቸው፤ እንዲያውም ኤሊዋ ትበልጣለች። እሷን ሳሳየው አስቀድሜ አውጥቼና ቆልፌ ነው። ይህን ለምን እንዳደረግሁ ለራሴም አልነገርኩትም።

ፎቶዎቹን አጥቤ ሳሰጣ አፍንጫውን ያዘ። «አንቺ ራስሽ መድኃኒት መድኃኒት ትሸቻለሽ። ያ ሰውዬ ወዶ አይደለም የመለሰሽ።» ያ ሰውዬ የሚለው የቀድሞ ባሌን ነው። ሲያንቋሽሸኝ ዝም ማለት ከልጅነቴ የተማርኩት ሙያ ነው፤ ፎቶውን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ውዴ ጠሩኝ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ወድቀው ወገባቸው ከተሰበረ ጀምሮ ከአልጋ አይነሱም። ከድሮ ባላቸው የወለዷት ሽታዬ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ መካነ ኢየሱስ ከአባቷ ወገኖች ጋር ነው ያደገችው። ሐሙስ ልትዳር ነው። እኛ ሰፈር ይህን ያልሰማ የለም፤ እትዬ ውዴ ለጎረቤት ዶሮ እንኳ ሳይነግሩ አልቀሩም።

«መሄድ አልችል። እነሱም ነይ አላሉኝ» አሉ። «አንቺ ሄደሽ በሙሽርነቷ አንሺልኝ። ከሕፃንነቷ ወዲህ መልኳን አላየሁትም። ሌላ ነገር አልለምንሽም።»

እሄዳለሁ አልኳቸው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 15

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተቀመጡ። ዋናው መሪጌታ ፈንታ ናቸው፤ የድጓ መምህር፣ የአባዬ የነፍስ ወዳጅ። ሌሎቹ ሁለቱ ለጠላው የመጡ ይመስሉኛል። መሪጌታ ሌንሶቹን ተራ በተራ ወደ ብርሃን ይዘው አዩዋቸው፤ አንዱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው «እኔስ ሁሉም ጭጋግ ነው የሚሆንብኝ» ብለው አስቀመጡት።

ከዚያ ፈረዱ። «ሙላት በኩር ነው፤ ቀድሞ ይምረጥ። የቀረው የትርንጎ ነው።»

«መሪጌታ፣ ከአባዬ ጋር ሥራውን የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ» አልኩ። «እሱ ሌንስ በየት በኩል እንደሚገጠም አያውቅም።»

ሙላት ሳቀ። «ልጅ ላልወለደች ሴት ሌንስ ምኗ ነው? ለማን ልታወርሰው? ለድመቷ?»

አንደኛው ሽማግሌ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ኋላ ሳል አስመሰለው። መሪጌታ «አፍህን ሰብስብ!» አሉት፤ ፍርዳቸውን ግን አልለወጡም። እኔ ጠላ ልቀዳ ተነሳሁ። የሰውን ብርጭቆ ሞልቼ የእሱን ዘለልኩት። የዛሬ ድሌ ይቺው ናት።

ሙላት «አድሬ ልምረጥ» አለ።

ድመት የለኝም። ባለፈው ክረምት ሞታብኛለች።

ሰኞ፣ ጥር 16

ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሁለቱን ሌንሶች ጭኑ ላይ አስቀምጦ። በሬውን በእጁ እየመዘነው ነበር። ሥራ ባያውቅም ከባድ ነገር ጥሩ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው።

«ትርንጎ» አለ። ድምፁ የትናንቱ አልነበረም። «አባዬ የትኛዋን ነበር የሚወድ?»

አባዬ ሙላትን ካሜራ አስነክቶት አያውቅም። አንዴ በልጅነቱ ጨለማውን ክፍል በድንገት ከፍቶ ፊልም ስላበላሸ እስኪያነክስ ገረፈው። ከዚያ ወዲያ በዚያ በር አላሳለፈውም፤ እኔን አስገባኝ። ይሄ ሁሉ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ትልቅ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጢሙ ሽበት ጀምሮታል፤ ግን ደጃፍ ላይ ቆሞ አስገቡኝ የሚል ልጅ ይመስላል። በሩ ክፍት ነበር። ገባሁበት።

«ነጯን» አልኩት። «ከራስጌው አይለያትም ነበር። ታሞ እንኳ ‹ይቺ የሙላት ናት› ይል ነበር።»

አባዬ በታመመበት ጊዜ ሁሉ የሙላትን ስም አንድ ቀን አላነሳም።

ሙላት ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ አለቀሰ። ከዚያ ኤሊዋን አነሳ፤ በሬውን ጎትቼ ወሰድኩት። አወጣኋት፣ ቆለፍኳት፣ በካሜራው ላይ ገጠምኩለት። ቁልፉን አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝም።

ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የእትዬ ውዴን ልጅ ሠርግ እኔ አነሳዋለሁ። አገሩ አገሬ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ይሁን።» እትዬ ውዴም ተስማሙ። ለእሳቸው ማንም ያንሳት፤ ብቻ ትነሳ። የእኔን ሥራ በእኔው ቤት፣ በእኔው ጎረቤት ወሰደው። እግዜር ያሳይህ አልኩ በሆዴ።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ሊሳፈር ሲል «ነይ እዪ! ነይ እዪ!» ብሎ ኮቱን ገለጥ አደረገ። ካሜራው ከውስጥ ኪሱ ውስጥ ነበር። ኤሊዋ አንገቷን ሰብስባ ልጥፍ ብላለች።

«ማታ ስነካካት ጠምዘዝ ስትል ገባች! ኪስ ትገባለች እኮ! ለዚህ ነው ለካ አባዬ የሚወዳት!»

በእኛ ካሜራ የምታዪው በሌንሱ በኩል አይደለም። ከጎኑ ያለችው ትንሽ መስኮት ናት የምታሳይሽ። ሌንሱ ቢጨፈን፣ ቢሰበሰብ፣ ቢሰበር እሷ ምንም አታውቅም፤ ዓለሙን ጥርት አድርጋ ታሳይሻለች። ሙላት በዚያች መስኮት ሽታዬን ቁልጭ ብላ ያያታል፣ ያነሳታል፣ ፊልሙ ላይ ግን አትኖርም።

ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃል። «ከማንሳትህ በፊት ሳባት።» በቃ።

«ታምራለች» አልኩት።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሙላት በመስኮት እጁን አወጣልኝ። አውቶቡሱ ወደ ደብረ ታቦር እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት፤ ሮጬ ልደርስበት የምችልበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ዳቦ ገዝቼ ገባሁ። ትኩስ ነበር። ጣፈጠኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 19

እትዬ ውዴ ከጠዋቱ አስጠሩኝ። አዲስ ቀሚስ አልብሱኝ ብለው የጎረቤት ሴቶችን ሰብስበዋል፤ ተኝተው ያጌጡ ሰው አይቼ አላውቅም። እልል አስባሉን። እኔም እልል አልኩ።

«አሁን ምን ላይ ደርሰው ይሆን?» ይሉኛል በየመሃሉ።

«ሙሽራው እየገባ ይሆናል እትዬ።»

«ወንድምሽ ከፊት ከፊት ይላል አይደል? አፋር አይደለም?»

«እሱስ አፋር አይደለም።»

«ፀሐዩስ? ለፎቶ ጥሩ ነው?»

«ግሩም ነው።»

እውነትም ግሩም ነበር። ኤሊዋ የምትወደው ፀሐይ። ምናልባት አንድ ሰው ነግሮት ይሆናል። ምናልባት እንደገባችው ሁሉ በጨዋታ አውጥቷት ይሆናል። ቀኑን ሙሉ በምናልባት ዋልኩ። እትዬ ውዴ ትራሳቸው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በጨርቅ አስጠርገው ሚስማር አስመትተዋል፤ ለፎቶው።

እኔ ለሙላት ነበር ጉድጓዱን የቆፈርኩት። እሳቸው መኖራቸውን ረስቼ አልነበረም። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። አልረሳሁም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። ሙላት ተመለሰ፤ ፊልም የማጥበው እኔ ብቻ ነኝና። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ቀጥታ እትዬ ውዴ ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት አወራላቸው፦ ሙሽራዋ እንዴት እንዳማረች፣ ሚዜዎቹ እንዴት እንደ ጨፈሩ፣ አንዱ ሰካራም ካሜራው ፊት መጥቶ «እኔንም ዳረኝ!» እንዳለው። እትዬ ውዴ እስኪያማቸው ሳቁ።

«መቼ ይደርሳል?» አሉኝ።

«ዛሬ በዓል ነው፤ ነገ እሑድ ነው» አልኩ። በዓል ጠባቂ መሆኔን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ሙላት ማታ ራት ሲበላ ጉርሻ አጎረሰኝ። ከስንት ዘመን በኋላ!

ሰኞ፣ ጥር 23

አጠብኩት። ከመድኃኒቱ አውጥቼ ወደ ብርሃን ያዝኩት። ጉም። ሰው ይሁን ዛፍ፣ ድንኳን ይሁን በግ የማይለይ ጉም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ማወቅና ማየት ለየቅል ናቸው።

ሙላት በሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። አሁንም ጨለማውን ክፍል አይደፍርም። ሰጠሁት። ገለበጠው፣ አዟዟረው።

«ገና ነው? ይጠራል?»

«አልቋል።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ለጩኸት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አባዬ ነው» አለ። «አልፈለገኝም። ሞቶም አልፈለገኝም። የሚወዳትን ወሰድኩበት፣ ዓይኗን ያዘብኝ።» ኤሊዋን ከካሜራው ፈትቶ ወደ እኔ ዘረጋት። «ውሰጃት። ሁለቱም ያንቺ ይሁኑ። እኔ እጄ የተረገመ ነው።»

በሬው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ኤሊዋ እጁ ላይ። ዝም ብል ሁለቱም የእኔ ነበሩ። ሙላትም ካሜራ ላይነካ ይምል ነበር። ሌላ ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ ዝም ማለት ብቻ፣ ያ የኖርኩበት ሙያ።

ወንድሜ የሞተ ሰው ጠላኝ ብሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ማየት አልቻልኩም። ደግነት አይደለም። አስጠላኝ፤ እንደ ደም ሽታ።

ኤሊዋን ተቀበልኩት። ፊቱ ሳብኳት፣ አዞርኳት። ጠቅ አለች።

ሙላት ሌንሷን አየ። እኔን አየኝ። እንደገና ሌንሷን።

«አውቶቡስ ተራ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ኪሴን ሳሳይሽ።»

«አዎ።»

«‹ታምራለች› አልሽኝ።»

«አዎ።»

አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 24

ጠዋት በማለዳ ሄዶ ለእትዬ ውዴ ነገራቸው፤ መሪጌታ ፈንታን ይዞ፣ እኔንም አስጠርቶ። ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። እኔም «እውነቱን ነው» አልኩ። መሪጌታ ራሳቸውን ያዙ። «እኔ ሌንስ አካፈልኩ ብዬ...» አሉ።

እትዬ ውዴ አላለቀሱም። ሚስማሩን ያዩ ነበር።

«እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» አሉኝ።

ምንም። ምንም አላደረጉኝም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ለካሳ ምን ይፈልጋሉ?» አሉ መሪጌታ። አገሩ እንዲህ ነው፤ በደል ከተነገረ ካሳ ይጠየቃል።

«ሌንሷን» አሉ እትዬ ውዴ። «ያቺን ያጠፋችውን አይደለም። ትርንጎ የሳሳችላትን። የልጄን ፊት እስካይ ድረስ ትራሴ ስር ትቀመጣለች። እኔ እንዳላየሁ እሷም አታይ።»

መሪጌታ ፈረዱ። በሬውን በጨርቅ ጠቅልዬ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ትራሳቸውን ቀና አድርገው ከስሩ አስገቡት። ስወጣ በር ላይ አንድ አዛውንት ለልቅሶ ፎቶ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ሌላ ቀን ይምጡ አልኳቸው። «ሌላ ቀን ካለኝ» ብለው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ጥር 25

መካነ ኢየሱስ ልሄድ ነው። ሽታዬን ራሷን አመጣታለሁ፤ ባይሆን አነሳታለሁ። ግን በምን? ካሜራዬ ዓይን የለውም።

ሙላት ቦርሳውን እየቆለፈ ኤሊዋን ወረወረልኝ። «እንቺ። ቁልፉን ታውቂዋለሽ» አለ። «እዚያ አንስተሽ ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ።»

በአንድ አውቶቡስ ሄድን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ደብረ ታቦር አደርን። ሻይ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«ስለ አባዬ ያልሽኝን» አለ። «ሊነግረኝ የፈለገ አፍሽን አየዋለሁ። አትንገሪኝ። እውነትም ይሁን ውሸትም ይሁን፣ አትንገሪኝ።»

አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ጥር 26

የሽታዬን ቤት ያላወቀ የለም፤ የሙሽራ ቤት ነው። አማቷ በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የዚያ ጉም ያነሳው ሰውዬ እህት ነሽ አሉ» አሉኝ። ወሬ አውቶቡስ ይቀድማል። ግን ዳቦ ቆረሱልኝ፣ ልጅቷንም ጠሩልኝ።

ሽታዬ ቆንጆ ናት። ቆማ ሰማችኝ። እናትሽ አልጋ ላይ ናቸው፣ ወገባቸው ተሰብሯል፣ አንድ ቀን መጥተሽ ቢያዩሽ አልኳት።

«እናቴ?» አለች። «እኔን አሳድጋ የዳረችኝ አክስቴ ናት።»

«ወገባቸው እኮ...»

«ሰምቻለሁ። ጥላኝ ስትሄድ የኔም ወገብ ገና አልጠናም ነበር። ተደግፌ ነበር የምቀመጠው አሉ።»

እትዬ ውዴ የነገሩኝ የአባቷ ወገን ነጠቁኝ ብለው ነው። ልጅቷ የምታውቀው ጥላኝ ሄደች ነው። ማንኛቸውን ጠይቄ ማንኛቸውን ልመን? እኔን የሚያምነኝስ ማነው?

«ያ ፎቶ ለእሷ መሆኑን ባውቅ ፊቴን እሸፍን ነበር» አለች። «እንኳንም ጠፋ።»

ካሜራውን ወደ ቦርሳዬ ልመልስ ስል «ይቆዩ» አለችኝ። «ያንሱኝ። አሁን፣ እንዲህ እንዳለሁ። ብቻ ሳቂ እንዳይሉኝ።»

ጥላ ስር ነበረች፤ ኤሊዋ በጥላ አትረባም። ወደ ፀሐዩ ወጣ በይ አልኳት። ወጣች። ሳብኳት፣ ቆለፍኳት፣ ደግሜ በጣቴ ነካኋት። በመስኮቷ ውስጥ ድርብ ሆነው የሚታዩት ሁለቱ መልኮቿ ገጥመው አንድ እስኪሆኑ ሌንሱን አዞርኩ። ሽታዬ በቀጥታ ታየኛለች። እኔን ግን አልነበረም የምታየው።

«ጨረሱ?» ብላ ገባች።

ለሙላት ቢሮው በር ላይ ኤሊዋን መለስኩለት። ተቀብሎ ፊቴ ሰበሰባት፣ መልሶ አወጣት፣ ጠቅ አደረጋት። «እንዲህ ነው?» አለ። «እንዲህ ነው» አልኩ። ገባ። አንድም ሌንስ ሳይኖረኝ አውቶቡስ ፍለጋ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ትናንት ገባሁ፤ ዛሬ አጠብኩ። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ቅንድቧ ወጣ፣ ከዚያ ዓይኖቿ። እንዲህ የጠራ ፎቶ በኤሊዋ አንስቼ አላውቅም። ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጥላቻዋም እንደዚያው።

ለእትዬ ውዴ የሚሰጠውን ላትም እጄ ፎቶ ማጉያው ላይ ነበር። ትንሽ ባዞረው ዓይኖቿ ይለሰልሳሉ፤ ቁጣው ሐዘን ይመስላል፣ ሐዘኑ ናፍቆት። ማንም አያውቅብኝም። ለአንዲት ታማሚ ሴት ትንሽ ጉም ምን ይጎዳታል? ግን ጉም ሰጥቻቸው ነበር፤ አንዴ ይበቃል። በጠራው አተምኩት። ይሄን ስጽፍ እንኳ ደግ ማድረጌ ይሁን ሁለተኛ ጊዜ መጨከኔ አላውቅም።

እትዬ ውዴ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አቀረቡት፣ አራቁት። እኔ እግራቸው በኩል ቆሜያለሁ፤ ለመቀመጥ አልደፈርኩም።

«ተቆጥታለች» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«በጣም ነው የተቆጣችው።»

«በጣም።»

«ምን አለች?»

«ወገቤ ሳይጠና ጥላኝ ሄደች አለች።»

ነገርኳቸው። መቅጠፍ እችል ነበር። ነጠቁኝ አላሉም፤ ጣልኳትም አላሉም። በአውራ ጣታቸው የፎቶውን ግንባር ዳሰስ አደረጉት፤ እንደ ሕፃን።

«ሰው የማያውቀውን ሰው እንዲህ አይቆጣም» አሉ። «ልጅ አለችኝ ማለት ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። በክፋት አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። «አንቺ ይሄ አይገባሽም።»

«አይገባኝም እትዬ» አልኩ።

ሚስማሩ ራስጌያቸው ላይ ነው። ልሰቅለው ስነሳ «እዚያ አይደለም» አሉ። «ከግርጌዬ ስቀዪው። እኔ እሷን ከማይ እሷ እኔን ትየኝ።»

ሚስማሩን ነቅዬ ከግርጌያቸው መታሁት። ሽታዬን ሰቀልኳት። እትዬ ውዴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩዋታል፤ እኔ መኖሬንም የረሱ መሰለኝ። የተቀመጠው ውል ፊቷን እስካይ ድረስ ነበር፤ አሁን አይተዋል። በሬው የተጠቀለለበት ጨርቅ ጫፍ ከትራሳቸው ስር ይታየኛል፤ ጠጋ ብዬ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ደጅ ላይ ደግሞ እኚያ የልቅሶ ፎቶ የፈለጉት አዛውንት ዛሬም ተመልሰው መጥተው ነበር።

እትዬ ውዴን በሬውን እንዲመልሱልኝ አልጠየቅኋቸውም። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ወጣሁ። ሰኞ እጠይቃቸዋለሁ። ወይም ራሳቸው ይጠሩኝ ይሆናል።